አያስፈልግም ያልኩት ካሊፐር

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

«አያስፈልግም፣ አንተው ያዘው» አልኩት። በቃ። የውፍረትና የርዝመት መለኪያውን ካሊፐር መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና የተቀቀለ እንቁላሉን መላጥ ጀመረ።

ይኼ ትናንት በምሳ ሰዓት የሆነ ነው፣ አልናብሩ፣ መጋዘኑ ውስጥ። ከኖርዌጂያኑ ኦድቫር ጋር አንድ ፈረቃ ላይ ፎርክሊፍት እንነዳለን። ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል፣ ሚስቱ ሞታበታለች። በአማርኛ ቢሆን አንቱ የምለው ሰው ነው። ለአደን የሚሆነውን ጥይት ራሱ ነው የሚያዘጋጀው፣ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ። የተተኮሰ ቀለህ ይሰበስባል፣ ያጸዳል፣ እንደገና ይሞላዋል። ከሱቅ ከሚገዛው ይረክሳል፣ ለገዛ ጠብመንጃህም ልክ ይሆናል ባይ ነው። ባሩዱን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። እኔን የሚፈልገኝ ለልኬቱ ብቻ ነው። ቁመቱ ያለፈ ቀለህ አደገኛ ስለሆነ እያንዳንዱን ቀለህ እሱ በራሱ ካሊፐር ይለካና ሌላ ሰው በሌላ ካሊፐር ይደግመዋል። ድሮ የምትደግምለት ሚስቱ ነበረች።

«ሁለት አለኝ፣ አንዱን ውሰድ» ነበር ያለኝ። ምን ነበረበት «ታክ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብዬ ብቀበለው?

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ከአደን ቡድናቸው አንዱ ጉልበቱን ታሞ ቀርቷል። በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ሄድማርክ ጫካ ገብተው ኤልግ የሚሉትን ግዙፍ አጋዘን ሲያድኑ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። «ትመጣለህ?» አለኝ። የአዳኝ ፈተና የተፈተንኩት፣ ያገለገለ ጠብመንጃ የገዛሁት፣ ክረምት ከበጋ ተኩስ ሜዳ የተመላለስኩት ይችን አንድ ጥያቄ ስጠብቅ ነው። ኤልጉ እንኳ ይቅርብኝ። ማታ እሳት ዳር ከሰው ጋር መቀመጥ ነው ያማረኝ። እና ምን ብዬ መለስኩ?

«እኔ እኮ ሸክም እሆንባችኋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ። እንቁላሉን ጨው አስነክቶ በላ።

እኔ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ «በሞቴ» ቢጨምርልኝ፣ «ኧረ ምን ሸክም ትሆናለህ» ቢለኝ እዚያው እሺ እል ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ፣ የተናገርከውን ቃል እንዳለ እንደሚወስዱት እያወቅኩ፣ አፌ ዛሬም ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

«ረቡዕ ከሥራ በኋላ ካሊፐርህን ይዘህ ቤት ና» ብሎኛል። ምን ካሊፐር አለኝና ነው!

ስለዚህ ዛሬ መጋዘናችን አጠገብ ካለው ርካሽ የመሣሪያ መደብር ሄድኩ። ያየሁት፦

ፕላስቲክ። የልጅ መጫወቻ። ገና ሳልጨብጠው ተጣመመ።

ዲጂታል፣ ቻይና ሠራሽ፣ ርካሽ። ማሸጊያውን መክፈት ክልክል ነው ተባልኩ። ሳልሞክረው ምኑን አምነዋለሁ?

ሰዓት የሚመስል መደወያ ያለው፣ ብረት። ዋጋውን አይቼ ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት።

ሻጩ «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለጥይት» ማለት ከበደኝ። የእኔ መልክ ያለው ሰው «ለጥይት» ሲል የሚከተለውን ዝምታ ፈራሁ። «ለእንጨት ሥራ» አልኩት። «ለእንጨትማ ሜትር ይበቃሃል» ብሎ ሜትር ሊሸጥልኝ ተነሣ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመረጣል ብዬ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ማታ ሊያ ደወለች። ልጄ ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። «አባዬ፣ ሐሙስ ለእንቁጣጣሽ ልምጣ?» አለችኝ። «ኧረ ለእኔ ብለሽ አትድከሚ፣ ትምህርትሽን ተማሪ» አልኳት። «ኦኬ» ብላ ዘጋች። እንዴት ቶሎ እሺ አለች! የዛሬ ልጅ።


ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጠጋ ብዬ «አባታችን፣ ኤልግ ይበላል?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው?»

«ነው።»

«ያመሰኳል?»

«ያመሰኳል።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ? ስመ ሥላሴ ጠርተህ እረደው፣ ደሙ በደንብ ይፍሰስ።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ስትመለስ እኛንም አትርሳን።»

አጠገባችን የቆሙት ሴቶች ሥጋውን ተከፋፍለው ጨረሱት። አንዷ ለጥብስ፣ አንዷ ለቋንጣ። እኔ ቡድኑ ውስጥ ቦታ እንኳ የለኝም። ላም አለኝ በሰማይ።

ወደ ቬስትሊ ስመለስ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ግቢ ሎፐማርከድ አገኘሁ፤ ወላጆች ለልጆቹ የሙዚቃ ባንድ ገቢ ለማግኘት አሮጌ ዕቃ ይሸጣሉ። ሹካና የበር እጀታ በታጨቀበት ካርቶን ውስጥ አንድ የብረት ካሊፐር! ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ መስመሮቹ በብረቱ ላይ የተቀረጹ። ሴትዮዋ «አሥር ክሮነር» አለችኝ። «ኧረ ይኼማ ያንሳል!» አልኳት። ለጨዋነት። «እንግዲያው ሃያ፣ በጣም አመሰግናለሁ» ብላ ተቀበለችኝ። እየሳቅኩ ሄድኩ። በራሴ ላይ ዋጋ የምጨምር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዛሬ በከተማው ባቡር መሥመር መጨረሻ ፌርማታ ስወርድ አንድ ነገር አሰብኩ። እዚህ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለጎረቤቶቼ ዓመቱ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ለእኔ ሊያልቅ ነው። ስንት የተባለለት ሚሌኒየማችን እንዲሁ አለፈ። ይኼን የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ሊፍት ውስጥ ያገኘሁትን ጎረቤቴን «ጥሩ አየር ነው» አልኩት። «ያ» አለኝ፤ አዎ ማለቱ ነው። በዚሁ ተለያየን።


ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ዝናብ። ሩፋኤል ስለሆነ አገር ቤት ልጆች በዚህ ዝናብ ይታጠባሉ። እኔ ጃንጥላ ዘርግቼ አውቶቡስ ጠበቅኩ።

ኦድቫር «ካሊፐር አገኘህ?» አለኝ። «ያ» አልኩት። «ጥሩ» አለ። ስለ ቡድኑ ምንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ሰው ካላነሣልኝ እኔ እንዴት አነሣዋለሁ? ለምኖ እንደ መግባት ነው።

ከሥራ መልስ መነጽሬን አድርጌ የሎፐማርከዱን ካሊፐር ስመረምር አመሸሁ። ከላይ ያለው መስመር ከታች ካለው ጋር የት ላይ እንደሚገጥም መፈለግ አለብህ። ተግባረ እድ ተማሪ ሳለሁ በአንድ እይታ አነበው ነበር። አሁን ካሊፐሩን ወደ መብራት፣ መብራቱን ወደ ካሊፐሩ።

አንድ ማንኪያ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ፣ ሌላ ቁጥር። ቁልፌን፣ የዳቦ ቁራሽ፣ የአንገት ማተቤን፣ አውራ ጣቴን። አውራ ጣቴ በየጊዜው ይለያያል፤ እሱ ይሁን። ማንኪያ ግን ምን ሆኖ ይለያያል? ከዚያ መንጋጋውን ዘግቼ ወደ መስኮቱ አነሣሁት። በመካከሉ ቀጭን ብርሃን አለ። ተበልቷል። ሳይዘጋ ዘግቻለሁ ይላል ማለት ነው። በዚህ ቀለህ ለክቼ «ደህና ነው» ልለው? ጠብመንጃው ፊቱ ላይ ቢፈነዳ?

ላስቀምጠው ስነሣ ዓይኔ የወጥ ቤቱ በር መቃን ላይ አረፈ። ሊያ ትንሽ ሳለች በየልደቷ ቁመቷን በእርሳስ የምናሰምርበት። ከእናቷ ጋር ከተለያየን በኋላም ቅዳሜና እሑድ ስትመጣ እናሰምር ነበር። በሁለት መስመር መካከል ያለውን ለካሁ። የስድስትና የሰባት ዓመቷ። የሰባትና የስምንት። ካሊፐሩ እንደሚዋሽ እያወቅኩ ሁሉንም ለካሁ። ከዐሥራ አምስት ዓመቷ በላይ መስመር የለም። እዚያ ጋ ሳልቀመጥ ብዙ ቆምኩ።

ከፋኝ። ሌላ ቃል የለውም።


ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ብዙ ነገር ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ማዮርስቱን አንድ የአዳኞች ዕቃ መደብር አለ ሲባል ሰምቼ ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ሻጯ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት ናት። «ለምን?» አለችኝ። ልቤን ሞልቼ «ለጥይት» አልኩ። የፈራሁት ዝምታ አልመጣም። «የራስህን ትሞላለህ? እኔም ከአባቴ ጋር እሞላለሁ» ብላ ሦስት ካሊፐር ዘረጋችልኝ። ውዱ ከጃፓን የመጣ ነው። ትንሹ ዲጂታል ቅዳሜ ካየሁት ጋር አንድ ዓይነት መሰለኝ።

«ለምን ውድ ትገዛለህ?» አለች። «ዝጋውና ዜሮ ይበል። ክፈተው፣ መልሰህ ዝጋው። ሁልጊዜ ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ ለአንተ ሥራ ይበቃል። ካልተመለሰ ውዱም ቢሆን አይረባህም።»

ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከኋላዬ ሰዎች እስኪሰለፉ ድረስ። አንዴም አልሳተም። ወደ መብራቱ አነሣሁት፣ በመካከሉ ብርሃን የለም። ገዛሁት። «ስትጨርስ ባትሪውን አውጣ፣ ጠፍቶም ይበላል» ብላ ሸኘችኝ። ደስ አለኝ፤ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዬ ድል።

የሊያ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ከበሩ ፊት ለፊት ቆሜ የስሟን ደወል አየሁት። አልጫንኩትም። ቅዳሜ «አትድከሚ» ስላት «ኦኬ» ያለች ልጅ፣ ሳትጠራኝ ምን ልላት ነው? ዞሬ ልሄድ ስል ብስክሌቷን እየገፋች መጣች።

«አባዬ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዕቃ ልገዛ መጥቼ ነው። እያለፍኩ ነው።»

«ልትደውልልኝ አልቻልክም?»

«ሥራ ይበዛባታል ብዬ ነዋ።»

አየችኝ። የእናቷ ዓይን ነው ያላት፤ አያመልጡትም። ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ «ለምንድን ነው የማትፈልገኝ?» አለችኝ።

«እኔ?»

«ያ! ቅዳሜ ልምጣ አልኩህ፣ አትድከሚ አልክ። ለፋሲካም እንደዚያው። በልደቴ ‹ከጓደኞችሽ ጋር ሁኚ› አልከኝ። ኬክ ይዤ ልመጣ ነበር እኮ።»

«ሊያዬ፣ እንደዚያ የሚባለው አንቺ ‹የለም፣ እመጣለሁ› እንድትይ ነው።»

«ሃ?»

«ሰው አንዴ ይጠይቃል፣ አንቺ ይቅርብሽ ትያለሽ። እሱ ይደግማል። ሦስተኛው ላይ እሺ ትያለሽ። ወጉ ነው።»

«እኔ እንዴት ነው ይኼን የማውቀው?» ድምጿ ተሰበረ። «ሰው አይሆንም ካለ ሬስፔክት አድርጊ ነው የተባልኩት፣ ከባርነሃገ፣ ከሕፃናት ማቆያ ጀምሮ። ብቻህን መሆን የምትወድ መስሎኝ ነበር። ማማም ‹አባትሽ ብቸኝነት ይወዳል› ነው የምትለው።»

ብቸኝነት ይወዳል! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ከሁለቱ አንዱን እንኳ አላወጣሁም። የጥናት ቡድን አለብኝ ብላ አቅፋኝ ገባች። ልምጣ ብላ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም።

ቲባነ በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ስቆጥር መጣሁ፤ ፌርማታ ሳይሆን «አያስፈልግም» ያልኩባቸውን ጊዜያት። እኔ ለጨዋነት የዘጋሁትን በር እሷ የተቆለፈ መስሏት ስትመለስ ኖራለች።


ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

ከኦድቫር ምድር ቤት መመለሴ ነው።

መሥሪያ ጠረጴዛው እንደ መሠዊያ የጸዳ ነው። ቀለሆቹ ተደርድረዋል። እሱ ይለካና ቁጥሩን ይናገራል። እኔ እቀበለውና ደግሜ እለካለሁ፣ የእኔን ቁጥር እናገራለሁ። ከቀለህ ወደ ቀለህ አንድ ዓይነት። በርካሹ ካሊፐሬ ኮራሁ። ብዙም አናወራም፤ ቁጥር ብቻ። ግን ከሰው ጋር ቁጥር መባባል ብቻዬን ሬዲዮ ከመስማት እጅግ ይሻላል።

ከዚያ አንዱ ቀለህ ላይ እሱ «ደህና» አለ። የእኔ ረዘመ። ዘግቼ ዜሮውን አየሁ። ደግሜ ለካሁ፣ አሁንም ረዘመ። ባለቤቱ እሱ፣ ታላቅ እሱ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እሱ። ዝም ልል ቃጣኝ። ከዚያ በዚህ ቀለህ የሚተኮሰው በራሱ ጉንጭ ሥር መሆኑን አሰብኩ።

«ልዩነት አለው» አልኩ።

መነጽሩን ወልውሎ እንደገና ለካ። ከዚያ ቀለሁን ቆርቆሮ ውስጥ ጣለው። «ለዚህ ነው የጠራሁህ» አለኝ። በእንዲህ ያለ ድምፅ ሰው ካነጋገረኝ ስንት ጊዜዬ ነው።

ስንጨርስ ቡና ቀዳና ዋፍል አመጣ። «ዋፍል ትበላለህ?»

«አልበላም» አልኩት። ረቡዕ ነው፣ ዋፍሉ እንቁላልና ወተት አለው። ከዚያ ደነገጥኩ። አሁን ያልኩትን «አልበላም»ና ዓርብ ያልኩትን «አያስፈልግም» በምን ይለያቸዋል? ቡናውን ይዤ እንዲህ አልኩት፣ በኖርዌጂኛ፣ ቃል እየመረጥኩ፦

«ኦድቫር፣ ዋፍሉን አልበላም ያልኩት እውነቴን ነው፣ ጾም ነው። ዓርብ ቡድኑን እንቢ ያልኩት ግን እውነቴን አይደለም። መምጣት እፈልጋለሁ። መጀመሪያውኑም ፈልጌ ነበር።»

ዋፍሉን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን እንቢ አልክ?»

አስረዳሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሞቴ። ወጉ። 

«ክረምት ላይ ወደ ዕረፍት ጎጆዬ ና አልኩህ፣ አስታውሳለሁ» አለ። «ሚስቴ በርታ ከሞተች በኋላ ገና ላይም ቤት ና ብዬህ ነበር። አመሰግናለሁ፣ አይሆንም አልከኝ። ከዚያ እስከ ዓርብ ድረስ መጠየቅ ተውኩ። ሰውን ማስጨነቅ አልፈልግም።»

የገናውን እኔ ለወሬ ያህል ያለው መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ገና ማታ፣ በአንድ ከተማ፣ ለየብቻ። ስኒዬን አስቀመጥኩ።

«የቡድኑ ቦታስ?» አልኩት።

«ለቡድን መሪው አልፈለገም ብዬ ነግሬዋለሁ። ሌላ ሰው ጠይቀዋል። ገና አልመለሰላቸውም።» ትንሽ አሰበና «ነገ እደውልለታለሁ። ግን ቃል አልገባልህም» አለ።

ቃል ካልገባ አልገባም ማለት ነው። ይኼ ጠባዩ ዛሬ ደስ አለኝ።


መስከረም 1፣ ሐሙስ

ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ለሊያ ደወልኩ። እሷ እስክትደውል አልጠበቅኩም።

«እንኳን አደረሰሽ የኔ እናት። ዛሬ ማታ ቤት እንድትመጪ እፈልጋለሁ።»

«አይ አባዬ፣ ዛሬ እስከ ማታ ሥራ ነኝ፣ ነገም ጠዋት ትምህርት አለኝ» አለች።

«እሺ የኔ እናት» ልልና ልዘጋ ነበር። እንደ ሁልጊዜው። እጄ ስልኩ ላይ ሳለ ገባኝ። እሷ እኔን ደግማ አልጠየቀችኝም ብዬ ስከፋ፣ እኔስ እሷን መቼ ደግሜ ጠይቄያት አውቃለሁ? የእኔን እንቢታ በሐበሻ ወግ፣ የእሷን እንቢታ በኖርዌጂያን ወግ። በገዛ ልጄ ላይ በሁለት ሚዛን።

«ከሥራ በኋላ ብቅ በይ። እዚሁ ታድሪያለሽ» አልኳት።

«ይመሻል እኮ...»

«በሞቴ።»

ሳቀች። ያቺ የልጅነት ሳቋ፣ ከሆዷ። «ይኼ ሦስተኛው ነው አይደል?»

«ሦስተኛው ነው።»

«እሺ። ግን የምበላው ይኑር።»

ምሳ ሰዓት ላይ ኦድቫር እንቁላሉን እየላጠ ነበር። «መሪው እስከ እሑድ ጠብቁ ብሏል። ያኛው ሰው ከተወው ያንተ ነው፤ ካልተወው አይደለም» አለኝ። እሺ አልኩት። ምንም ሌላ አላልኩም። ከዚያ ሁለተኛውን እንቁላል ከቦርሳው አውጥቶ «ትፈልጋለህ?» አለኝ። ጥያቄውን ሳይጨርስ እጄ ተዘርግቷል። «ያ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ጨው አቀበለኝ።

አሁን ቤት ነኝ። ምስር ወጥና ጥብስ ተሠርቷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን። ካሊፐሩን ባትሪውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት፣ የሎፐማርከዱን አብሬ። ሊያን በር መቃኑ ላይ አስቆማለሁ። ከዐሥራ አምስት ዓመቷ በኋላ ምን ያህል እንዳደገች ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ያንን ካሊፐር አይለካውም።

ስለ እሑድ አላውቅም። ያ ሰውዬ ይተወው ይሆናል፣ ላይተወው ይችላል።

መልእክት ገባልኝ፦ «ቲባነ ላይ ነኝ።» ጃኬቴን ለብሼ ጣቢያው ድረስ ልቀበላት ነው። ለምን ወረድክ፣ አያስፈልግም ነበር ትለኛለች። እሄዳለሁ።